አፈሙዙ ወዴት ይዙር

መድፍ ልግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ አልጠየቁኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ጥፋቱን እሳቸው ላይ እንዳላላክክ ነው፤ ሰው ሲጨንቀው በሽተኛና ሽማግሌ ላይ ማላከክ ይወዳል፣ እኔም ከሰው የተለየሁ አይደለሁም።

ነገሩ የተጀመረው የመርሳት በሽታ ክሊኒክ ውስጥ ነው። አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዌምብሊ ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ መነጽራቸውን ረሱ፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ እኔን። በሟች እህታቸው ስም ሲጠሩኝ «አቤት» እላለሁ፤ ምን ላድርግ። ነርሷ «ከድሮ ሥራቸው የሚያውቁትን ዕቃ አጠገባቸው አድርጊላቸው፤ ይነቃቃሉ፣ ያወራሉ» አለችኝ። አናጢ ለነበረ ሰው መጋዝና መሮ፣ ልብስ ሰፊ ለነበረች ክርና መርፌ። ሰምቻት ደጅ ስወጣ ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴ መድፈኛ ነበሩ።

ስለ ወታደርነታቸው የማውቀው እፍኝ አይሞላም። ሰሜን ጦር ግንባር ዓመታት ቆዩ፣ ተመለሱ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኑ። በቃ። እናቴ በሕይወት ሳለች ስጠይቃት መልሷ «አባትሽን ተያቸው» ነበር። አንድ ፎቶ አለ። አባባ ወጣት ናቸው፤ ገበሬ በሬውን ተደግፎ እንደሚቆመው ክንዳቸውን መድፍ ላይ ጣል አድርገው ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ይስቃሉ። እኔ ባደግሁበት ቤት ያ ጥርስ ታይቶ አያውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኔን ግን ያ የማላውቀው ሳቂታ ሰውዬ ናፈቀኝ። ስለ ራሳቸው አንዴ እንኳ ሲያወሩ ሳልሰማ እንዳልቀብራቸው ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

መድፉ ደግሞ የሚተኩስ መሆን ነበረበት። አባባ የማስመሰያ ነገር አይወዱም። አንድ ቀን የፕላስቲክ አበባ ገዝቼ ባመጣ «ይኼ የሞተ ነው ወይስ ያልተወለደ?» ብለው ከነማስቀመጫው ቆሻሻ ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ ለጌጥ የሚቀመጥ፣ ግን በባሩድ የሚጮህ፣ አነስ ያለ መድፍ ማፈላለግ ጀመርኩ። እንግሊዞች ለጓሯቸው የማይገዙት ነገር የለምና ተገኘ። የፖሊስ ፈቃድ ይጠይቃል ተባልኩ፤ ፎርሙን ሞልቼ አፕላይ አደረግሁ። እስኪመጣ ድረስ በእረፍት ቀኔ ሲሚንቶ አቡክቼ ጓሮው መሐል የሚቆምበትን ንጣፍ ሠራሁ። ቁመቱ ሁለት እርምጃ፣ ወርዱ አንድ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «መቃብር ነው?» አሉኝ።

«መድፍ ላመጣልዎት ነው» አልኳቸው።

ሻጩ ሃክኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከባቡር ድልድይ ስር መጋዘን አለው። ቅዳሜ እንመጣለን ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ማሰብ ነበረብኝ። አባባ ቅዳሜ ከቤት አይወጡም። አዲስ አበባ ሳለንም ቅዳሜ ገበያ አይሄዱም፣ እናቴንም አያስወጧትም ነበር። ምስኪን፣ ረቡዕ ረቡዕ እየሄደች የጠወለገ ጎመን ይዛ ስትመለስ ታማርር ነበር። እኔ የሃይማኖት ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚህም አልተዉትም፤ አውቶቡስ ነጂ ነኝና የቅዳሜ ተራ ሲደርሰኝ እስክመለስ መስኮት ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የዚያን ቀን ጫማቸውን ላጠልቅላቸው ስል እግራቸውን ሰበሰቡብኝ። ቀጠሮውን ወደ ረቡዕ አዛወርኩት።

መጋዘኑ ዘይትና ዝገት ይሸታል። ሻጩ ነጭ ጺም ያለው፣ የቆዳ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ ነው፤ አባባ መድፈኛ እንደነበሩ ስነግረው እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሦስት መድፎች አሳየን። አንዱ የመርከብ ነው፣ አጭርና ወፍራም፣ አራት ትንንሽ የእንጨት ጎማዎች ያሉት። ሁለተኛው ናስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ልቤ እሱ ላይ አረፈ፤ ከጽጌረዳዬ አጠገብ ቆሞ ታየኝ። ሦስተኛው ጥቁር ብረት ነው፣ ሁለት ትልልቅ ጎማ ያለው።

አባባ ናሱን በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉና «ለሠርግ ነው» ብለው አለፉት። የመርከቡን ዞር ብለውም አላዩት። ጥቁሩ ዘንድ ሲደርሱ ምርኩዛቸውን ለኔ ሰጡኝ። ከኋላው በርከክ አሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። ሻይ ሲጠጡ የሚንቀጠቀጠው እጅ ቀጥ አለ። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኚህ ሰው ያውቁበታል» አለኝ። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። አገኘኋቸው አልኩ በሆዴ።

አባባ ቀና ብለው «ወዴት ነው የሚዞረው?» አሉኝ።

ተረጎምኩለት። ሻጩ ሳቀና «ለጌጥ እኮ ነው፣ ደስ ወዳላችሁ አዙሩት» አለ።

ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ይተኩሳል አላልሽም?»

«ይተኩሳል፤ ግን ባሩዱ ብቻ ነው የሚጮኸው። ጥይት የለውም።»

«አፈሙዝ ያለው ነገር ደስ ወዳለሽ አይዞርም» አሉና፣ ልጅ ሳለሁ የሬዲዮ ሽቦ ስነካካ በሚያዩኝ ዓይን አዩኝ። ጥቁሩን ፈቃዱ እስኪመጣ አስቀምጥልኝ ብዬው ወጣን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባጣቸው ጓሮ ወጥተዋል። ንጣፉ ላይ፣ ገና ካልመጣው መድፍ ጀርባ ጎንበስ ብለው ወደ ቀኝ አጥር ያያሉ። «እዚያ ማነው?» አሉኝ። ጎረቤታችን ናት፤ ቃሪያ በአጥር የምታቀብለን የህንድ ባልቴት። ልብስ እያሰጣች ነበር። አባባ የሌለውን ጎማ ዞረው ወደ ግራ አነጣጠሩ። «እዚህስ?» ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ይንጫጫሉ። ከኋላ የባቡር ሐዲድ አለ፤ እያየነው አንዱ ባቡር ሰው ይዞ አለፈ።

«አባባ፣ እኔ ያን የሚያህል አውቶቡስ አርችዌይ መስቀለኛ መንገድ ላይ አዞራለሁ፤ ይቺ አታቅተኝም፣ አይጨነቁ» አልኩ፣ እንዲስቁልኝ። አልሳቁም።

«ቦታ የለም» አሉ። «ሰው የሌለበት የለም።»

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና አወሩ። ዕድሜ ልኬን የጓጓሁለት ወሬ ነው።

«እኛ አናይም» አሉ። «የሚያየው ኮረብታው ላይ ያለው ቃኚ ነው። እሱ በሬዲዮ ቁጥር ይሰጠናል፣ እኛ በቁጥሩ አዙረን እንተኩሳለን።» ቁጥሩን ነገሩኝ። ልደቴን የረሱ፣ እናቴ የሞተችበትን ዓመት የረሱ ሰው ያንን ቁጥር ሳይደናቀፉ አወረዱት። «ስሰማው ቦታውን አወቅሁት። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ማር ገዝቼበታለሁ። ገበያ ነው። ጠላት ገብቶበታል አሉ። ይግባ። ግን ቅዳሜ ነበር። ገበያው ቅዳሜ እንደሚቆም ከመካከላችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው።

«አዞርኩ» አሉ። ቀጥለውም «ቃኚው ‹ጥሩ ነው፣ ድገም› አለ» አሉኝ።

ፎቶው ከዚያ ቅዳሜ በፊት የተነሳ ይሁን በኋላ አልጠየቅኋቸውም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋቸውም፤ እፈራለሁ።

ነርሷ እውነቷን ነው፤ ተነቃቁ፣ አወሩ። እኔ ያላሰብኩት ሌላውን ነው። በሽታው መነጽራቸውን ወስዶ፣ መንገዳቸውን ወስዶ፣ እኔን ወስዶ፣ ያንንም ቅዳሜ ሊወስድላቸው እየሄደ ነበር። ትንሽ ብታገስ ይደርስላቸው ነበር። እኔ ቀድሜው ደረስኩና ቀሰቀስኩት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ስጽፈው ያንገበግበኛል።

ለሻጩ ደውዬ መድፉን ተውኩት። የፈቃዱንም ማመልከቻ ካንስል አደረግሁ፤ ስልኩን ያነሳችው ሴት ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «ቦታ የለኝም» አልኳት።

ለአባባ ግን መድፉ መጥቷል። በየቀኑ ምሳ ሲቀርብላቸው «ወዴት ነው የዞረው?» ይላሉ። መጀመሪያ እውነቱን ነገርኳቸው፤ መድፍ የለም አልኩ። በሽተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል በሐዘኔታ አዩኝ። በማግስቱ ዋሸሁ፤ ወደ ሰማይ ነው አልኳቸው። «ሰማይ የወጣ ይወርዳል» አሉ። እህል መቅመስ ተዉ። መጋረጃውን ይዘው የባልቴቷን አጥር ሲጠብቁ ይውላሉ፣ ጋደም በሉ ብላቸው አይሰሙኝም። በሦስተኛው ቀን «ወደዚህ አዙሪው» አሉኝ። በጣታቸው የራሳቸውን መስኮት አሳዩኝ።

«አላዞርም» አልኩ። ተቆጣሁ። «እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው? በገዛ አባቴ ላይ?»

«እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለልጅ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው። «እኔ ደግሞ ቁጥሩን አውቀዋለሁ።»

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ያካፋል። ወጣሁ። ንጣፉ ላይ ጎንበስ ብዬ የሌለውን ጎማ በሁለት እጄ ያዝኩ። ጥቁሩን መጋዘን ውስጥ ስላየሁት ክብደቱን አውቃለሁ፤ እግሬን ተክዬ ገፋሁ። ባልቴቷ ልብሷን ልታነሳ ወጥታ ስታየኝ ቆመች። ያዩኝ እንደሆነ ይዩኝ አልኩ። አባባ መስኮቱ ላይ ሆነው፣ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ወደኋላ እንደሚያስገቡልን ልጆች በእጃቸው ይመሩኛል፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ቆምኩ።

ስገባ «ዞረ?» አሉኝ።

«ዞረ፣ አባባ።»

ጫማቸውን አወለቅሁላቸው፤ ተኙ። ከስንት ቀን በኋላ ተኙ። አሥር ሰዓት ላይ ነቅተው ምሳቸውን በሉና በስሜ ጠሩኝ። በእህታቸው ስም አይደለም፣ በኔ። «ዛሬ ቅዳሜ አይደል?» አሉ። «ገበያ ብትሄጂ አሁን ምንም አትሆኚም።»

ሄድኩ። ጎመን ገዝቼ ተመለስኩ። ይህ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ አባባ በልተው ይተኛሉ፣ ወዴት ዞረ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ግን ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ በአጥሩ ጥግ ዞሬ ነው የምሄደው። በንጣፉና በመስኮታቸው መሐል አላልፍም።