መሸሻ የመሰከረለት ዝግባ

መሸሻ ከከምባታ ወጥቶ ኮልፌ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ በእነዚህ ዓመታት በአካባቢው ያልኮተኮተው ግቢ የለም ማለት ይቻላል። አሁን ቤቴል አጠገብ በተሠራ የመኖሪያ መንደር አትክልተኛ ነው። መንደሩ የተሸጠው በዛፎቹ ስም ነው፤ “ነባር ዛፍ ሳይቆረጥ የተሠራ” እየተባለ። እውነት ነው፣ አልተቆረጡም። መሀል ግቢ ያለው ትልቁ ዝግባ ግን መሠረት ሲቆፈር ግማሽ ሥሩ በኤስካቫተር ተበጥሷል። ያን ዕለት መሸሻ ምሳ አልበላም።

ከዚያ ወዲያ ዛፉን እንደ በሽተኛ አስታመመው። ውሃ አጠጣው፣ ፍግ አለበሰው፣ ጸለየለት። በሁለተኛው ዓመት ከደረቀው ቅርንጫፍ ላይ ለጋ ቅጠል ብቅ ሲል መታገሥ አቃተው፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ተነሥቶ “ጌታ ዛፌን አስነሣልኝ” ብሎ መሰከረ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እዚያው መንደር የምትኖረውና ከእሱ ጋር የምታመልከው ዘመነች ምስክርነቱን በስልኳ ቀርጻ ለመንደሩ ሥራ አስኪያጅ ለባጫ አሳየችው። ባጫም መንደሩ ተፈጥሮን ለጠበቁ ግንባታዎች ሽልማት ሲወዳደር ቪዲዮውን አያይዞ ላከ። አሸነፉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለካ ቅጠሉ የዛፉ የመጨረሻ አቅም ኖሯል። ሽልማቱ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሸሻ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መታ ቢያደርገው የባዶ ድምፅ ሰጠው። ከሥሩ የልጆች መጫወቻ አለ፤ ሳያት የምትባለው የዘመነች ልጅ ከዥዋዥዌው አትወርድም። ክረምቱም እየገባ ነው፣ ነፋሱ ይበረታል። መናገር እንዳለበት ያውቃል። ግን ጌታ አስነሣው ያለውን ዛፍ በየትኛው አፉ ሞቷል ይበል? አፈረ፤ ፈጣሪውንም የሚያሳፍር መሰለው። ስለዚህ ዝም ብሎ ልጆቹን በሰበብ አስባቡ ማባረር ያዘ፤ ሽማግሌው ከፋ ተባለ።

በሽልማቱ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ እንግዳ ሞላ። ባጫ ማይኩን ለመሸሻ ሰጠው።

“ጋሼ፣ እስቲ ያንን ምስክርነት ይድገሙልን።”

መሸሻ ወደ ዝግባው ዞር አለ። ሳያት ዥዋዥዌው ላይ ናት።

“ቸኩዬ ነው የመሰከርኩት” አለ። “ዛፉ ሞቷል። ልጆቹን አንሡልኝ።”

ባጫ ሣቅ ብሎ ማይኩን ተቀበለው። “ጋሼ ለዛፎቻቸው እንዲህ ነው የሚጨነቁት” አለና አጨበጨበ፤ ሰውም ተከትሎት አጨበጨበ።

 መሸሻ ወደ ዝግባው ሄዶ ቅርፊቱን በእጁ ሳበው። ክንድ የሚያህል ቅርፊት ተላቆ ወደቀ፤ ውስጡ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ዘመነች ጫማዋን ጥላ ሮጠች፤ እሷ ልጇን ስታነሣ ሌሎቹም ወላጆች ተከተሏት።

ሰኞ ዝግባው ተቆረጠ። ማክሰኞ መሸሻ ከሥራ ተሰናበተ።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እንደገና ተነሣ። 

“ያ ዛፍ አልዳነም” አለ። “ጌታ ያላደረገውን አድርጓል ያልኩት እኔ ነኝ። ፈርቼም ዝም ብያለሁ። ይቅር በሉኝ።”

እልልታ የለም፤ ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። መሸሻ ሊቀመጥ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና አለ።

“ልጆቹ ግን ደህና ናቸው።”

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ብቻ “አሜን” አለች። ዘመነች ነበረች፤ ሳያት ጭኗ ላይ ተኝታለች።