አጥቤ የመለስኩት ጮጮ

ከድሬዳዋ ወደ ሮቤ ስንዛወር ከዕቃችን ሁሉ አብልጬ የተጠነቀቅኩት ለቬንትሌተሩ ነበር። የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ መሣሪያዎቼን በጆንያ አስሬ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጫንኳቸው። ቬንትሌተሩን ግን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መንገዱን ሙሉ ታቅፌው መጣሁ። ስህተቴ የገባኝ ሾፌሩ የባሌ ደጋ ላይ፣ ዲንሾ ሲያቆም ነው። በፈረስ የሚያልፉት ሰዎች ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሰዋል፤ እኔ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ ብርድ ልብሴን ለቬንትሌተር አልብሻለሁ።

ባለቤቴ ጤና ባለሙያ ናት፤ ከሮቤ አጠገብ ጎባ ተመድባ ነው የመጣነው። እኔ የተበላሸ ዕቃ የማይጠፋበት አገር የለም ብዬ ተከተልኳት። ጥገና ያስተማረኝ ሰው የለም። እየፈታሁ፣ እያጸዳሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። በተለይ ማጽዳት። ወደ እኔ ከሚመጣው ዕቃ አብዛኛው አቧራና ጥላሸት ከውስጡ ሲወጣለት በራሱ ይነሳል።

ቤት ስንፈልግ ሰነበትን። አንዱ ቤት ወለሉ ውኃ ያቁራል። ሌላው ጥሩ ነበር፤ ግን አከራዩ የባለቤቴን ሆድ አይቶ፣ "ልጅ ሲመጣ ትወጣላችሁ" አለን። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሾፌር አዳዳ ቤት አደረሰን። አዳዳ በኦሮምኛ አክስት እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ላሞች የሚያልቡ ረጅም ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ብርድ ልብሱን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ነፋስ የሚሰጥ ነው።"

"ነፋስ ይዘህ ወደ ሮቤ!" አሉና በአጥሩ በኩል ለጎረቤታቸው በኦሮምኛ አወሩላት። የሁለቱ ሳቅ እስኪያልቅ ቬንትሌተሬን ታቅፌ ጠበቅኩ።

ክፍሉ ሞቃት ነው፤ መስኮቱ ወደ ስንዴ ማሳ ያያል፤ የጎባ ሚኒባስ የሚቆምበትም ቅርብ ነው። አዳዳ ግን ቁልፉን ሲሰጡን፣ "ለጊዜው ግቡ" ነው ያሉት። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ግድግዳውን በሚስማር ወንፊት አድርገውባቸው ነው የወጡት። "እስኪ እንተያይ። ካልተስማማን ክረምት ሳይገባ ሌላ ትፈልጋላችሁ። እስከዚያ ሚስማር የሚባል ነገር ግድግዳዬ ላይ እንዳላይ።"

ባለቤቴ የዚያኑ ዕለት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ዙሪያውን አየችና፣ "እኔ የምወልደው እዚህ ቤት ነው" አለች። "ሰማህ? ሴትየዋን እንዳታስቀይምብኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ አልናገርም።"

"እሱም ራሱ ያስቀይማል።"

እውነቷን ነበር። እዚህ ሰላምታ እንደ ድሬዳዋ በአንድ ቃል አያልቅም። ጠዋት አዳዳ፣ "ነጋ ቡልቴ?" ብለው ደህና ማደሬን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ሚስቴን፣ ሆዷን፣ አገር ቤት ያለችውን እናቴን፣ የድሬዳዋን ዝናብ በየተራ ይጠይቃሉ። እኔም በተራዬ ላሞቹን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ አፌ ይያዝ ነበር፤ በኋላ ላሞቹን በየስማቸው መጠየቅ ቻልኩ። ልብስ ግን እስከ ዛሬ አላሸነፍኩትም። ድሬዳዋ አስጥተነው ዞር ስንል የሚደርቅ ሸሚዝ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይቀበለውና በማግስቱም እንደረጠበ ነው።

ከገባን ጥቂት ቀናት በኋላ አዳዳ ለባለቤቴ ወተት ማምጣት ጀመሩ። የሚያመጡት በጮጮ ነው፤ ከቃጫ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ከነክዳኑ ክንድ የማይሞላ የወተት ዕቃ። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። እኔ ያረረ መስሎኝ ነበር። የበላችውን ሁሉ የሚያስመልሳት ባለቤቴ ግን ያንን ወተት ጠጥታ፣ "ሌላ የለም?" አለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት እሱ ሆነ።

አንድ ቀን አዳዳ ለልቅሶ አጋርፋ ሄዱ። ጮጮው እኛ ጋ ቀረ። ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁት፤ ድቅድቅ ጥቁር። ጣቴን ባስነካው ጥላሸት ይዞ ወጣ። እኚህ ሴት ያን ሁሉ ደግነት ያደርጉልናል፣ ዕቃቸው ግን ተቃጥሎባቸዋል አልኩ በልቤ። የሚያጥብላቸው ሰው የላቸውም።

ውኃ አፈላሁ። ኦሞ በደንብ ጨመርኩና ዘፈዘፍኩት። ከዚያ በሽቦ፣ ሽቦው የማይደርስበትን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ። መጀመሪያ የወጣው ውኃ ቀለም ይመስል ነበር፤ እየደጋገምኩ ሳጥበው ሻይ መሰለ፤ በመጨረሻ ጠራ። ጥቁሩ ሲለቅ ከሥሩ የሚያምር ቢጫ ቃጫ ብቅ አለ። ሮቤ ውስጥ የሚያደርቅ ነገር ስለሌለ ቬንትሌተሩን አውጥቼ ሰካሁትና ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩት። ቬንትሌተሩ ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው ያ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ አሳየኋት።

"አዲስ አስመሰልከው!" አለች። እሷም ድሬዳዋ ያደገች ናት።

አዳዳ ሲመለሱ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ተቀበሉኝ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። እዚያው ቆዩ። ምስጋና ጠበቅኩ። ቀና ሲሉ ዓይኔን አላዩኝም፤ "ቶሌ፣ እሺ" ብለው ብቻ ገቡ። ላሟን ማለብ ሲጀምሩ ከበረቱ ጩኸት ሰማሁ። ጮጮው ያፈሳል። ወተቱ በስፌቱ መሃል እየተንጠባጠበ ቀሚሳቸውን አበላሽቶታል።

በማግስቱ ጠዋት ወተቱ መጣ፤ በፕላስቲክ ጆግ። ባለቤቴ አንዴ ቀመሰችና አስቀመጠችው። "ውኃ ውኃ ይላል።" ነገሩን ሥራ ቦታዋ፣ ሪራ ከሚባል የባሌ መንደር ለመጣች ባልደረባዋ ነግራ ማታ ተመለሰች። በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ሳቅ ያዛት፤ ለመናገር አልቻለችም።

"ያ ጥቁር ቆሻሻ አይደለም እኮ፣ ባለሙያው! በወይራ ጭስ ነው የሚያጥኑት። ወተቱን የሚያጣፍጠው እሱ፣ እንዳይበላሽ የሚያደርገው እሱ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ። የሴትየዋን የስንት ዓመት ጭስ ፍቀህ ደፋህባቸው!" ሳቋ ድንገት ቆመ። "አሁን ቤቱስ?"

ወደ አዳዳ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሰላምታው ራሱ አጠረብኝ፤ ላሞቹ ጋ ሳንደርስ አለቀ።

"አዳዳ፣ አዲስ ልግዛልዎት።"

"ገበያ ያለው ጮጮ ባዶ ቃጫ ነው። ይሄ ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ነው፤ ስንት ዘመን ጭስ ጠጥቷል። እሱን ከየት ትገዛዋለህ?"

"እንግዲያው እኔ ላጥነው። ያሳዩኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከአጥሩ ማዶ ግን ጎረቤቷ ሰምታ ኖሯል። "ወንድ ጮጮ ሊያጥን! ነፋሱን ይዞ መጣ፣ አሁን ደግሞ ጭሱን!" ብላ ስትጮህ የአዳዳ ከንፈር ጠርዙ ላይ ተንቀሳቀሰ።

"የወይራ እንጨት ፈልግ። እርጥብ እንዳታመጣ" አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የወይራውን ስንጥር አንድደህ ፍም ሲሆን ጮጮው ውስጥ ትከታለህ፤ ክዳኑን ትገጥማለህ፤ እያገላበጥክ ታንቀጠቅጠዋለህ። ከዚያ ፍሙን ታወጣና ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ትወለውላለህ። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ክዳኑን ስከፍት ጭሱ ፊቴ ላይ ወጣ፤ እንባዬ ሲወርድ ጎረቤቷ፣ "አታልቅስ፣ ቤት አይጠፋም!" አለችኝ። ቀልዷ ልቤን ወጋው፤ እውነትም የምፈራው እሱን ነበርና።

"አዳዳ፣ ስንት ደቂቃ ነው የሚቆየው?"

"የምን ደቂቃ? አፍንጫህ ይበቃል እስኪልህ።"

"አፍንጫዬ ምን ያውቃል?"

"እሱን ነው የምናየው።"

ከዚያ በኋላ ገበያ ዕቃ ስጠግን ውዬ ስመለስ በየቀኑ አጠንኩ። አንዳንዴ የጮጮውን ስፌት ቅቤ ያስቀቡኛል። አንዳንዴ የወለወልኩበትን ጨርቅ አይተው ያስደግሙኛል። ባለቤቴ ከጎባ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ዛሬ ምን አሉ?" ትላለች።

"ፍሙ አንሷል አሉ።"

"ስለ ቤቱ ነው የምልህ!"

"ስለ ቤቱ ምንም አላሉም።"

ዕቃችን እስከዚያ ድረስ በካርቶን እንዳለ ነበር። ኮቶቻችን በር እጀታ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ መስተዋቱ ወንበር ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፀጉሬን የማበጥረው ተንበርክኬ ነው። ዝናቡ በየቀኑ ቀደም እያለ መጣ። ክረምት እየገባ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከአፋችን ግን አናወጣውም።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አዳዳ ናቸው፤ በእጃቸው አሮጌው ጮጮ። ወደ ባለቤቴ ዘረጉላት። እሷ መጀመሪያ ከሥሩ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ አሸተተችው፣ ጠጣች፣ ከንፈሯ ላይ ነጭ መስመር ቀርቶ፣ "ሌላ የለም?" አለች።

አዳዳ ሳቁ። ከጋቢያቸው ሥር ሌላ አወጡ። ትንሽ ጮጮ ናት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ቃጫዋ ገና ነጭ።

"ይችን ከመጀመሪያው አንተ አጥናት" አሉኝ። "ለሚመጣው ናት። ክረምቱን ሙሉ ካጠንካት ትደርሳለች።"

"ክረምቱን ሙሉ?"

"ምነው፣ አፍንጫህ ደከመ?" ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙ፤ ካርቶኖቹን፣ ወንበሩ ላይ ያለውን መስተዋት። "ጮጮ ደግሞ መሬት አይቀመጥም። ሚስማር ምታላት።"

ባለቤቴን አየኋት። እሷ ቀድማ መዶሻውን ከጆንያው እያወጣች ነበር። እኔ ሜትሬን አመጣሁ፤ ከመስኮቱ ጠርዝና ከጣሪያው ለካሁ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፣ ምልክቱ ትንሽ ወደ ግራ ያደላ ስለመሰለኝ አጥፍቼ እንደገና ለካሁ።

"አንተ!" አሉ አዳዳ፣ "ልጁ ሳይወለድ ምታው እንጂ!"