ከካርዱ የወጣው ገጽ

«ጋሼ ካርድ» ይሉታል፤ ከዘበኛው እስከ ሜዲካል ዳይሬክተሩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ስለኖረ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ በዚያኛው ስም የጠራው ሰው ካለ ዞር ብሎ «ማንን ነው?» ይላል። ካርድ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መደርደሪያ፣ አንድ የምትወዛወዝ መሰላል፣ አንድ ካርድ በጭንቅ የምታሳልፍ መስኮት። ሌላው ግማሽ ቀን የሚያስሰውን ካርድ እሱ ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ፣ የያዘውን ወሬ ሳያቋርጥ መዥረጥ አድርጎ ያወጣዋል።

አንዲት አመል ግን አለችው፤ አልደብቃችሁም። ከካርድ ክፍል እስከ ዶክተሮቹ በር ያለው ኮሪደር ረጅም ነው፤ ሰውየው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ገለጥ ያደርግና ያነባል። ለማንም አያወራም፤ ያነባል ብቻ። የምታወራዋ አጠገቡ የምትሠራው ሴትዮ ናት። «ሬዲዮ» ይሏታል፤ እሷም ስሟን አላሳፈረችውም። የጥበቃ ኃላፊው ኪንታሮት ጠዋት ካርድ ላይ ተጽፎ ከምሳ በፊት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ደርሷል። ምስኪኑ ሰውዬ አንድ ወር ሙሉ በሄደበት «ተቀመጥ እንጂ፣ ምነው ቆምክ?» እየተባለ ተሳቀቀ። ጋሼ ካርድም እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብሮ ስቋል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የራሱ ልብ ከሥርዓት ወጣች። ደረጃ ሲወጣ ትዘልበታለች፣ ሲያርፍ ትሮጥበታለች። መረመሩትና የልብ ምትህ ተዛብቷል፣ ደም ልብህ ውስጥ ሊረጋና ወደ ጭንቅላትህ ሊሄድ ይችላል፣ ደም ማቅጠኛ ክኒን ዕድሜ ልክህን ትወስዳለህ፣ በየሁለት ሳምንቱም ደምህን ትለካለህ አሉት። ደሙ ሲወፍር ይረጋል፣ ሲቀጥን ይፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት።

ያን ቀን አብራው የሄደችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአምስት፣ እሷ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ትምህርቷን አቋርጣ እሱን አሳደገች፤ ዛሬም አንድ ቤት ይኖራሉ፤ እሱም ዛሬም «እትዬ» ይላታል። የእትዬ እጅ በሰፈር የታወቀ ነው፤ ወለምታ ታሻለች፣ ደረቅ ሳል ታበርዳለች። ልቡ መዛለል ስትጀምር ሐኪም ቤት እስኪሄድ አልጠበቀችም፤ ከጓሮዋ ለምለም ቅጠል እየቀጠቀጠች፣ ጨምቃ፣ በየቀኑ ታጠጣው ጀመር። ማታ ደግሞ እግሩን በዘይት ታሸዋለች። እውነት ለመናገር እንቅልፍ የወሰደው በክኒኑ ሳይሆን በሷ እጅ ነው።

ነርሷ ለአዲስ በሽተኛ ሁሉ የምትጠይቀውን ጠየቀች። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

እሱ አፉን ሳይከፍት እትዬ ደረቷን ነፍታ ሁሉንም ዘረዘረች። ነርሷም ግማሽ ገጽ ጻፈች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የምታየው ዶክተር እንድታነበው ካርዱ ውስጥ አስገባችው። ካርዱን ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ማን ነው? ራሱ ጋሼ ካርድ! ኮሪደሩ ላይ እንደ አመሉ ገለጥ አደረገ። «በእህቱ የሚዘጋጅ የቅጠል ጭማቂ በየቀኑ ይጠጣል። ማታ ማታ እህቱ እግሩን በዘይት ታሸዋለች።»

የሬዲዮ ድምፅ በጆሮው መጣ፤ «ሰማችሁ? ጋሼ ካርድ እኮ ማታ ማታ እግሩን ይታሻል! ቅጠልም ይግጣል!» ግራ ቀኙን አየና ወረቀቷን ከማያዣዋ ነቀላት። ቦጫጭቆ ሽንት ቤት ውስጥ ጥሎ ውሃ ለቀቀባት። ሌላ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ካርዱ እጁ አይገባማ። እሱ ግን በሃያ ስድስት ዓመቱ የመጀመሪያዋን ወረቀት አጠፋ፤ እሷም የገዛ ራሱ ወረቀት ሆነች።

ከዚያ ወዲያ እትዬን ዶክተሯ ዘንድ አላስገባትም። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» እያለ ውጭ ያስቀምጣታል። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ ግን ቀጥ ያለች ናት። «ጋሼ፣ ከክኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም አይደል?» ትለዋለች።

«ኧረ ምን እወስዳለሁ ዶክተር!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ። ምን ያድርግ? አለ ቢል «ታዲያ መጀመሪያ ቀን ለምን አልተጻፈም?» ልትለው ነው። ደሙ ተለካ፤ ወፍራም ነው። ክኒኑን ጨመረችለት። ተለካ፤ ያው ነው። ደግማ ጨመረች። በሦስተኛውም ጨመረችና «የእርስዎ ደም ደግሞ ምን ዓይነት ግትር ነው?» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

አንድ ቀን ክኒኑን ሊወስድ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ተሰልፎ ሳለ ፋርማሲስቱ ከፊቱ ላሉት ሴትዮ ሲነግራቸው ሰማ። «እማማ፣ ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ቅጠል ሲበዛበት ክኒኑ ይደክማል። የሚበሉትን አይለዋውጡ፤ ከቀየሩም ለሐኪምዎ ይንገሩ።»

ጋሼ ካርድ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ክኒኑን ያደከመው የእትዬ ቅጠል ነው! በቃ፣ ምስጢሩ ተፈታ። ግን አሁን ምን ይበጃል? ለእትዬ «ተይ» ቢላት፣ በዕድሜዋ እሱን ከማሳደግ ሌላ ያተረፈችው ነገር የላትም፤ ቅስሟ ይሰበራል። ለዶክተሯ ቢናገር ነርሷ ትጠራለች፣ ነርሷ «ጽፌ ነበር» ትላለች፣ ገጹ ይፈለጋል። ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ በትልቁ «ከካርድ ላይ ወረቀት ያወጣ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በየትም ዞረ በየት ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ አገኘ፤ ይደፋው ጀመር። እትዬ ጠዋት በኮዳ ሞልታ ትሰጠዋለች፤ አራት ሰዓት ሲሆን ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ያለው መታጠቢያ ላይ ይለቀዋል፤ ማታ ባዶውን ኮዳ ይመልሳል። «ጭልጥ አደረግከው አይደል? ጎበዝ!» ትለዋለች። «ጭልጥ!» ይላታል። ለጤናው የሠራ መስሎት እኮ ነው! ሦስት ጊዜ የተጨመረው ክኒን ግን ያ ቅጠል እንዳለ ተደርጎ የተለካ ነው፤ ቅጠሉ ሲቀር ሜዳው ለክኒኑ ብቻ ሆነ፤ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥን ጀመር።

በስድስተኛው ቀን ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ። በስምንተኛው ቀን ምንም ሳይመታው ክንዱ በልዞ ጠቆረ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ካርድ ያነበበ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ቅጠሉን ልመልሰው ይሆን? ክኒኑን ልተው? ተውኩና ቢረጋስ? አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቃል፣ የለቀቀውን ያነሳል። ከመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሞ መሄጃ አጣ። ያ ሁሉ ካርድ የሰው ነው፤ ስለሱ እውነቱን የሚናገረው አንዱ ገጽ ብቻ ነበር፤ እሱንም ራሱ ነው ያጠፋው። የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ክንዱን በእጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ይሸፍን ጀመር።

ቀጠሮው አልጠበቀውም። በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ላይ ካርድ ሲያቀብል አፍንጫው ደማ። ቀና ቢል፣ ቢጨብጠው፣ መሐረቡን ቢሞላው፣ አልቆም አለ። ሬዲዮ ጩኸቷን ለቀቀችው። በተሽከርካሪ ወንበር ድንገተኛ ክፍል አደረሱት፤ መጋረጃ ተሳበ፤ ዶክተሯ እየሮጠች መጣች፤ እትዬም ተጠርታ ጫማዋን አዙራ ተጫምታ ደረሰች።

«ልጄ፣ ወንድሜን ምን ነካብኝ?»

«እናቴ፣ ደማቸው እንደ ውሃ ቀጥኗል። አሁን ማርከሻ ልሰጣቸው ነው፤ ግን መጠኑ ላይ መሳሳት የለብኝም። ካነሰ ደሙ አይቆምም፤ ከበዛ ይረጋና የፈራነው ይመጣል። ምን እንደተቀየረ ማወቅ አለብኝ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

እትዬ ዓይኗን አፈጠጠች። «እንዴ! ጽፋችሁት የለም እንዴ? ሦስት ጭብጥ ቅጠል፣ ግማሽ ሎሚ፣ አንድ ማንኪያ ማር። ከዚያ አላሳልፍም፣ ከዚያ አላጎድልም። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይጠጣል። ማታ እግሩን አሸዋለሁ፤ ቀስ አድርጌ ነው፣ አልጫነውም።»

ዶክተሯ ወደ እትዬ ዞረች። «በየቀኑ እኩል?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ መድኃኒት እኮ ነው!»

«እኩል ከሆነማ፣ ባውቀው ኖሮ ክኒኑን በሱ ልክ አስተካክልላቸው ነበር። ማሸቱም ቀስ ተብሎ ከሆነ አይከፋም።» ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ። «ግን ይህን እየጠጡ ከሆነ ደማቸው እንዲህ ሊቀጥን አይችልም። ጋሼ?»

ጋሼ ካርድ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀውበት ጣሪያውን ያያል። ሁለቱ ሴቶች ከላዩ ቆመዋል። ዝም ካለ መርፌው በግምት ይወጋል፤ ይህ ገብቶታል።

«ደፋሁት» አለ።

«ምኑን?»

«ቅጠሉን። አስራ ሁለት ቀን ሆነኝ።»

ዶክተሯ ጊዜ አላጠፋችም፤ መጠኑን ለነርሷ ነገረች፤ መርፌው ተሰጠ። እትዬ ግን የአልጋውን ብረት እንደያዘች ቀረች። አስራ ሁለት ጠዋት ጎህ ሲቀድ ተነስታ የቀጠቀጠችው ለማን ነበር?

ዶክተሯ ካርዱን ከፊት እስከ ኋላ ገለጠች። «መጀመሪያ ቀን ተጽፏል ብለዋል፣ እዚህ ግን ገጹ የለም።»

ይህን ጊዜ እትዬ ነደደች። ሐዘኗን የምታራግፍበት አገኘች። «የጻፈችውማ ጽፋለች! ዓይኔ እያየ! ካርዱን የሚነካካ ሰው ነው ያጠፋው። ያቺ የሰው ካርድ እያነበበች የምታወራው ሴትዮ ትሆናለች፤ ራሱ ነግሮኛል። ፈልጊልኝ ልጄ! ወንድሜን ልትገድለው ነበር እኮ! እዚህ ቤት አንድ ቀን ማደር የለባትም!»

በመጋረጃው ሥር የሬዲዮ ጫማ ይታያል። ቆማ ትሰማለች። ዝም ቢል ሁሉም የሚያላክከው በሷ ላይ ነው፤ ማን ይጠራጠራል? ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እትዬም ዘላለም አታውቅም። አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ደግሞም ደክሞታል፣ ቢተኛ ማንም አይፈርድበትም።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለ።

ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። ዶክተሯ ካርዱን ዘጋች።

«ለምን?» አለች እትዬ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «ሕይወትህ እኮ ነው። ለምን ታወጣዋለህ?»

«ሰው እንዳይስቅብኝ።»

«በምኑ?»

ቶሎ አልገባትም፤ ሲገባት ግን ፊቷ ላይ ታየ። «በእኔ አፍረህ ነው?»

ከዚህች ጥያቄ ስንት ጊዜ ሸሽቷል! አሁን ግን አልጋ ላይ ነው፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ የሚሄድበት የለም።

«አዎ እትዬ» አለ።

እትዬ እጇን ከአልጋው ብረት ላይ አነሳች። ወንበር ስባ ወደ ዶክተሯ ዞራ ተቀመጠች። «እንግዲህ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ስንት ጭብጥ ላድርግለት?»

«ለጊዜው ምንም አይስጧቸው እናቴ። ደማቸው ሲስተካከል፣ ይቀጥል ካሉ አንድ ጭብጥ፣ በየቀኑ እኩል፤ የቀነሱትንም የጨመሩትንም ይነግሩኛል።»

«አንድ ጭብጥ፣ በየቀኑ እኩል፣ ለዶክተር መንገር» አለች እትዬ። በቃሏ እስክትይዘው ሁለት ጊዜ ደገመችው። እሱን አንድ ጊዜም ዞር ብላ አላየችውም።