አዝማሪ ያልሆነው ሙሉሰው

ሙሉሰው ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አዝማሪ አይደለም። ባትጠይቁትም ይነግራችኋል። አባቱ አያ አድማሴ በኮላ ድባ ገበያ ማሲንቆ ሲገዘግዙ ኖረው መሞታቸውን ግን በጉልበትም ከአፉ አታወጡትም። በልጅነቱ የወታደር ባንድ ገባ፣ ፒያኖ ተማረ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በጎንደር ሆቴሎች የቱሪስት ምሳ ማወራረጃ ሆኖ ጨረሰው። ከመደቡ የሸሸ ሰው አረማመዱም ይለያል፤ ሙሉሰው መሬቱ ከእሱ ተበድሮ ያልመለሰ ይመስል እየተጠየፈ ነው የሚረግጠው።

አሁን ጣቶቹ እየደረቁ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ጨርሰው ሳይደርቁ፣ ሰው በተቀመጠበት ክለብ በቀጥታ የተቀዳ የጃዝ አልበም። የጃዝ ሰው ተብሎ መቀበር፤ የአድማሴ ልጅ ተብሎ አይደለም።

የትነበርሽ ፒያሳ ያለውን ክለቧን ሰጠችው። ክንዱ ድራሙን፣ ሳሊም ቤዙንና መቅጃውን ያዙ። እሁድ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ሙሉሰው ተነሥቶ፣ «ጃዝ ይደመጣል እንጂ አይጨፈርበትም፤ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ» አለ። ይህን የሚለው ለጎንደር ሰው ነው። ሕዝቡም ቢራውን እንደ ጠበል ይዞ ተቀመጠ፤ በር ላይ የደረሰ ሰው ለቅሶ ቤት መስሎት ነጠላውን ያስተካክል ነበር።

የአይከሉ ሰሊጥ ነጋዴ ሰውአገኝ ሁለት ዜማ ታገሠ። ሦስተኛው፣ ያ ቀስ ያለው፣ ሲጀመር ተነሣ። እዚህ አገር እንግዳ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ግጥሙን ያልተቀበሉለት ሰው በአደባባይ እንደ ተተፋበት ነው።

«ተቀበል አያ ሙሉሰው፤

ነጭ ጥቁሩ ጥርሱ አፉን ሞልቶት ሳለ፣
ምነው ይኼ ሳጥን ስሜን አልጠራ አለ።»

ሙሉሰው እንዳልሰማ ቀጠለ። ሰውአገኝ ግጥሙን ደገመና፣ «ምነው አያ፣ ናቅኸኝ ወይስ ምላስህን ሆቴል ረሳኸው?» አለ። ቤቱ ሳቀ።

ሳሊም ከቤዙ ጀርባ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ተቀበለውና ይቀመጥልን» አለው።

ተቀበለው። መጀመሪያ በጣቱ፣ ኋላ ሳያስበው በአፉ። ድምፁ ከሆዱ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ሰውአገኝን እስከ ሰባት ቤቱ አወደሰው። አንዲት ከደንቢያ፣ ከዚያው ከኮላ ድባ የመጣች ሴትዮ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ «ይኼስ የአያ አድማሴ ድምፅ ነው» አለች። ሸጋ ነበር፤ ለሙሉሰው መመስከር ባይጥመኝም ሸጋ ነበር።

ሰው እንደ ወጣ ሳሊምን ያዘው። «አጥፋው።»

«ጋሼ፣ ከሁሉም እሱ ይሻላል።»

«አጥፋው አልኩህ። እኔ አዝማሪ ነኝ?»

የዕለቱ ቅጂ ሁሉ አብሮ ጠፋ። በማግስቱ ባዶ ክለብ ውስጥ፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተገለበጡ፣ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ተጫወቱት። አልበሙ ግን ሰው ባለበት የተቀዳ መባል አለበት፤ ጭብጨባ ከየት ይምጣ? ሳሊም ከእህቱ ከፈህሚያ ሰርግ ቪዲዮ ቆርጦ ለጠፈለት።

አልበሙ ወጣ። የትነበርሽ እንግዳ ሲሳሳ ትከፍተዋለች። ሙሉሰው ጥግ ይዞ ያዳምጣል፤ ቀስ ያለው ዜማ ሲያልቅ፣ ለሙሽሪት የተባለው እልልታ ቤቱን ይሞላዋል። ያን ጊዜ የእኛ ጃዝ ተጫዋች ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለባዶው ወንበር ሁሉ እጅ ይነሣል።