ሁለተኛው ግርፋት

በጣሊያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጥሁ፣ ብር ሲገኝም የአንገት መስቀል እየሠራሁ እኖር ነበር። ባለእጅ ስለሆንሁ ሰው ሥራዬን ይፈልጋል፣ እኔን ግን ይፈራኛል። ማረሻውን ያሠራኝ ገበሬ ዓይኔ እንዳያርፍበት ልጁን በጋቢው ይሸፍንብኝ ነበር። ድግስ ላይም የምጠጣበት ቅል ለብቻው ነው። ከዚህ የተለዩ አንድ ጎረቤት ነበሩኝ፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ። እኔ የጠጣሁበትን ዋንጫ ሳያለቀልቁ ቀድተው ይጠጡበታል። ለምን እንደሚያደርጉት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ጣሊያኖቹ የእኒህን ሰው በሬዎች ለሥጋ ከነዱባቸው በኋላ እሳቸውን በጦር ሰፈሩ ዘበኛ አደረጓቸው። የሚጠብቁት አንዲት ሞተር ሳይክል ነበር። ሞተሯ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ደብዳቤ ታመላልሳለች። የሚነዳት ወጣት ጣሊያን ማታ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ያቆማታል፣ ጠዋት ይወስዳታል።

አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ቤንዚኗ ጎድሎ ይገኝ ጀመር። በመጨረሻም ነጂው ማንኩሳ ሳይደርስ ሞተሯ መንገድ ላይ ቀጥ አለችበት። አገሩ አርበኛ የሚመላለስበት ስለነበር በእጁ እየገፋ ወደ ፍኖተ ሰላም መለሳት። የሰፈሩ አዛዥ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ ይህን ሲሰማ ጊዜ አልፈጀበትም። ቤንዚኑን የሰረቀው ዘበኛው ነው፣ ለሽፍቶችም ሸጦላቸዋል አለ።

እኔን የጠሩኝ በማግሥቱ ነው። መካኒካቸው በወባ ታሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ተወስዶ ነበር፣ በከተማው ብረት የሚያውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። መሣሪያዬን በአቁማዳ ይዤ ስገባ ጎረቤቴ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ታስረው አገኘኋቸው። እጀ ጠባባቸው ወገባቸው ላይ ወርዷል፣ ጀርባቸው ተተልትሏል። አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግንዱ አዞሩ።

መቶ አለቃው ተናገረ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፣ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። ነጂው ከሞተሯ ሥር ቤንዚን ሸቶኛል ብሏል፣ የምታፈስ ከሆነች ቀዳዳውን አግኝና ዝጋ፣ የማታፈስ ከሆነች ሽማግሌው ይሰቀላል አለኝ። ካልቻልሁስ ብዬ ጠየቅሁት። መቶ አለቃውን ሳይጠይቅ ራሱ መለሰልኝ።

«አንተን አይነኩህም። እጅህ ያስፈልጋቸዋል። የሱ ጀርባ ግን ለምንም አያስፈልጋቸውም።»

ተንበርክኬ ከላይ ጀምሬ ፈተሽሁ። ታንኩ ከውጭ ደረቅ ነው። ከታንኩ የሚወርደው ቀጭን ቱቦም፣ መጋጠሚያውም ደረቅ ነው። እርጥበቱ የሚጀምረው ከካርቡራቶሩ ነበር፤ ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚደባለቅበት ጡጫ የምታህል ብረት ነች። ከጎኗ ካለችው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላል። ቀና ስል የቤንዚኑ መዝጊያ ቁልፍ ክፍት መሆኑን አየሁ። ነጂው ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዘጋውና ዓይን ዓይኔን አየኝ። ገባኝ። ማታ ሲያቆማት ቁልፉን ቢዘጋው ኖሮ፣ ካርቡራቶሯ የቱንም ያህል ብትበላሽ አንዲት ጠብታ አትወጣም ነበር። ሳይዘጋው እየሄደ ይተኛል። ለአስተርጓሚው ልነግረው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ጣሊያንን በጣሊያን ፊት መክሰስ ፈራሁ።

ካርቡራቶሯን ፈታሁ። ውስጧ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ነው፣ እዚያ ላይ ከስስ ነሐስ የተሠራች ባዶ ሳጥን ትንሳፈፋለች። ቤንዚኑ ሲሞላ ሳጥኗ ከፍ ትልና መርፌ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። መርፌውን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ሳጥኗን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅኋት። ውስጧ ተንቦጫረቀ። ቤንዚን ስለገባባት ከብዳ ሰጥማ ቀርታለች ማለት ነው፣ መግቢያውም እንደተከፈተ ያድራል።

ሌባው ይኸ ነው ብዬ ሰጠሁት። መቶ አለቃው ተቀብሎ ነቀነቃትና ሳቀ። ሽማግሌውን የሚፈቷቸው መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ጠግናት፣ ከዚያ እናያለን አለ፣ ወንበርም አስመጥቶ ተቀመጠ።

ፍል ውኃ ለመንሁ። ሳጥኗን ስነክራት ከጠርዟ በኩል አረፋ ብቅ ብቅ አለ፤ ቀዳዳዋ ጤፍ አታህልም። ውስጧ ያለው ቤንዚን በሙቀቱ ተንፍሶ እስኪያልቅ ደጋግሜ ነከርኋት፣ አለዚያ እሳት ሲነካት ፊቴ ላይ ትፈነዳለች። ከዚያ ራቅ ብዬ ከሰል አቀጣጠልሁና እርሳስ አቅልጬ በየድኋት።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ልደብቅ አልችልም። ለዚያች ቀዳዳ አንዲት ጠብታ እርሳስ ይበቃት ነበር። እኔ ግን እንዳትከፈት ፈርቼ ጨመርሁበት፣ ደግሜም ጨመርሁበት። ሲበርድ ባቄላ የሚያህል ጉብታ ሆነ። ብር ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ አይቼዋለሁ፤ ሞረድ ይዤ ላሳንሰው እችል ነበር። መቶ አለቃው ቶሎ በል እያለ በጫማው መሬት ይመታል፣ እኔም ከዚያ ግቢ መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው። እንዳለች ገጠምኋት።

ቁልፉ ተከፈተ። ጥቂት ጊዜ ቆመን አየን፣ ምንም የለም። መቶ አለቃው አጨበጨበ። አንዱ ባንዳ ሄዶ የሽማግሌውን ገመድ መፍታት ጀመረ፤ አንድ እጃቸው ተፈቶ ወደ ታች ሲንጠለጠል አየሁ። ነጂው ሞተሯን አስነሥቶ ትንሽ አስጮኻትና አጠፋት። ያኔ ጠብ አለ። ቀጥሎ ሌላ።

መቶ አለቃው አልተቆጣም። ወደ ግንዱ በአገጩ ጠቆመ፣ የተፈታው እጅ ተመልሶ ታሰረ። ጅራፉ ቀድሞ በተተለተለው ላይ ነው ያረፈው። ሽማግሌው በመጀመሪያ ማርያምን ጠሩ፣ ከዚያ ማንንም አልጠሩም። አስተርጓሚው ወደኔ ጠጋ ብሎ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፣ ዞር ብለህ ባየህ ቁጥር መቶ አለቃው ደስ ይለዋል አለኝ።

በጅራፉ ድምፅ ውስጥ ካርቡራቶሯን ፈታሁ። ሳጥኗን በጣሳ ቤንዚን ላይ ሳስቀምጣት እርሳሱ ወዳለበት ጎን አዘንብላ ጠለቅ ብላ ተንሳፈፈች። ቀዳዳው ተዘግቷል፤ ያከበዳት የኔ እርሳስ ነው። ሞረዴን አንሥቼ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ሞረድሁት። ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ስገጥማት አልፈሰሰችም፤ ተነሥታ፣ ጮኻ፣ ጠፍታም አልፈሰሰችም። ሽማግሌውን ፈቷቸው። ለእኔ አንድ ጆንያ ፉርኖ ዱቄት ሰጡኝና ተሸክሜው ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ለቁስላቸው ለጋ ቅቤ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። በሆዳቸው ተኝተዋል፣ ባለቤታቸው ዝንብ ይከላከሉላቸዋል። እግዜር ይማርዎ አልሁ። ሳጥኗ ምን ሆና እንደነበረ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፣ ስለ እርሳሱም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

«የመጀመሪያውን ጣሊያን ገረፈኝ» አሉ። «ሁለተኛውን አንተ ነህ የገረፍኸኝ።»

ሸክሙን ከላዬ የማወርድ መስሎኝ ስለ ቁልፉም ተናገርሁ፤ ነጂው ክፍት እየተወው ይሄድ እንደነበረ።

«ያን ጊዜ አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባለቤታቸው ተነሥተው እስከ በር ሸኙኝና ቅቤውን ከነቅጠሉ እጄ ላይ መለሱልኝ።

ሽማግሌው ዳኑ፣ ወገባቸው ግን ቀና አላለም። ቁስላቸው እንደጠገገ ያችኑ ሞተር እንዲጠብቁ ተመለሱ፣ እኔም ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የሰፈሩ ጠጋኝ ሆንሁ። ግቢው ውስጥ በየቀኑ እንተያያለን። ከጠጣሁበት ዋንጫ ዳግመኛ ባይጠጡም ሰላምታ ነፍገውኝ አያውቁም፤ እንደምን አደርህ ይሉኛል፣ ለሌላው ሰው ሁሉ እንደሚሉት።