የጥግ አልጋው ሊቀመንበር

በደርግ ጊዜ ነው፤ የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ቦሌ አንድ ሆስፒታል ገብቼ ሕመምተኞቹን «ነርሶቹ ምን ቢያደርጉላችሁ ደስ ይላችኋል?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ሁሉም ጥግ ላይ የተኙትን የቀበሌ ሊቀመንበር ሰረቅ አድርጎ ያይና «አብዮቱ ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብን!» ይለኛል። ስምንት ሰው ጠይቄ ስምንት «ምንም»! ምኑን ጽፌ ልመረቅ?

ቢቸግረኝ ወደ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎስ?»

አውሮፕላን በላያችን እያጓራ ሲያልፍ ጠብቀው በእጃቸው ጠቀሱኝና ጆሮዬ ሥር ተጠጉ።

«ልጄ፣ ነርሶቹ ‹ጓድ› ማለቱን ትተው አባባ ይበሉኝ። እሳቸው ናቸው ያሉት ብለሽ ግን እንዳትጽፊ፤ እዚህ ክፍል ጆሮ ጠቢ ሞልቷል!»