ጋቢ የለበሰው ሬድዮ

ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ውድነህ የሚባል ሞንታርቦ አከራይ ነበረ። ቁመታቸው ከእሱ የሚበልጥ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፣ እንደ ታመመ በግ የሚያስል ጄኔሬተርና አንድ ማይክራፎን ነበሩት። ያልነበረው ዘፈን ነው። ሲዲዎቹ ተፋፍቀው አልቀዋል። አንድ ጊዜ ሳንጃ ላይ ሰርግ ሲያጫውት ሲዲው አንድ ቃል ላይ ተቸክሎ «ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ» እያለ አላቆም ቢል፣ ሙሽራው ታክቶት «ምነው፣ ሰማሁ እኮ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሥቷል።

ከዚህ ጣጣ ያወጣው ሬድዮ ነው። ጎንደር ላይ በቅርቡ የተከፈተ አንድ የግል ኤፍኤም ጣቢያ ሙዚቃውን በየሰዓቱ ለይቶ ያሰማ ነበር፤ ማለዳ ለስለስ ያለ፣ ረፋዱ ላይ ባህላዊ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እስኪመሽ የሰርግ ዘፈን ብቻ። ውድነህ ትንሽ ሬድዮ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠ፣ ጋቢ ደረበባት፣ ገመዷን ከሞንታርቦው ጋር አገናኘና ዲጄ ሆነ። የአንቴናውን ሽቦ ባሕር ዛፍ ላይ ሲሰቅል የጠየቀው ሰው ካለ፣ በጥር ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ሳትኖር፣ «የመብረቅ መከላከያ ነው» ይላል።

ችግሩ የጣቢያዋ አቅራቢ ልታወራ ስትል ነው። ያን ጊዜ የሬድዮውን ድምፅ ይቀንስና በማይክራፎኑ «የሙሽራው ወገን የት አለ? አልሰማሁም!» እያለ ይጮኻል። ማስታወቂያው ረዘም ካለ የሙሽሪትን ወገን፣ ከዚያም የጎረቤቱን፣ ከዚያም የወጥ ቤቱን ሴቶች ይጠራል። ሰው ግን ይህን አያውቅም። «ውድነህ አፉ አያርፍም፣ ሸጋ አጫዋች ነው» እየተባለ ስሙ እስከ አይከል ከተማ ደረሰ።

አይከል ውስጥ ደግሞ አበቡ አለች። ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፤ ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍናለች። ውድነህ እሷን ካየ ወዲህ ጄኔሬተሩን ሳይቀር በጨርቅ ይወለውል ጀመር። አበቡ አባት የላትም። እሷንም ወንድሟን ትዕዛዙንም ያሳደጓቸው አጎታቸው አያ ወርቅአፈራሁ ናቸው። ውድነህ ሽማግሌ ቢልክባቸው እንዲህ አሉ፦

«ሰውየው የሚጮኸው በሞንታርቦ ነው። የራሱ የሆነ ምን አለው? እስኪ መጀመሪያ የትዕዛዙን ሰርግ ያጫውትና ልየው። ካማረልኝ እሰጠዋለሁ፤ ካላማረልኝ ዕቃውን ሰብስቦ ይሂድ።»

የሰርጉ ቀን ቅዳሜ ነበር። ውድነህ ዳሱ ጥግ ጠረጴዛውን ዘረጋ፣ ሽቦውን ሰቀለ፣ ጋቢውን ደረበ። የሙሽሮቹ መኪና ጥሩንባ ከሩቅ ሲሰማ ሬድዮዋን ጆሮው ላይ አድርጎ ከፈታት። አቅራቢዋ በደስታ ልትበር ደርሳለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሙዚቃን በሰዓት መከፋፈል ቀረ! የድሮ፣ የዘንድሮ፣ ያገር ቤት፣ የውጭ፣ ሁሉም ባንድ ላይ! ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እኛም አናውቅም!»

ውድነህ ሬድዮዋን ቶሎ ጋቢው ሥር መለሳት። እነሱ ካላወቁ እሱ ከየት ይወቅ?

ሙሽራው ትዕዛዙና ሙሽሪት ዳግማዊት ዳሱ በር ላይ ቆመዋል፤ እልልታው ቀልጧል። ድምፁን ሲከፍተው ከሞንታርቦው የወጣው አንጀት የሚያላውስ ትዝታ ነው። እልልታው ጸጥ አለ። አያ ወርቅአፈራሁ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ወደ ጠረጴዛው ተመለከቱ።

«ይህ…» አለ ውድነህ በማይክራፎኑ፣ «ይህ ሙሽሪታችን ለተለየችው ለእናቷ ቤት ነው! ከእናቱ ቤት የወጣ ሁሉ ያልቅስ!»

ዳግማዊት አለቀሰች። ሚዜዎቿ አለቀሱ። ከእናታቸው ቤት የወጡ አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊትም አለቀሱ። «እንዲህ ያለ የሙሽራ አቀባበል አይቼ አላውቅም» አለ አንዱ ዐይኑን እየጠረገ።

ቀጥሎ ሬጌ መጣ። «ወንድ ሚዜዎች፣ ተራችሁ ነው፣ ራስ ብቻ!» ሚዜዎቹ ከረባታቸውን ፈትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የሕንድ ፊልም ዘፈን መጣ። ውድነህ ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ይህስ ምንድን ነው?» አለ ትዕዛዙ ከመቀመጫው።

«ይህ ሙሽሪት የምታባርርህ ነው!»

«ወዴት?»

«በዳሱ ምሰሶ ዙሪያ! ሩጥ!»

ትዕዛዙ አዲስ ሱፉን ሰብስቦ ሮጠ፤ ዳግማዊት ቬሎዋን ይዛ ተከተለችው፤ ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ወዲያው የዜና ሰዓት ሆነ። ውድነህ ድምፁን ቀንሶ አያ ወርቅአፈራሁን ለምርቃት አስነሣቸው። እሳቸው መርቀው ሊቀመጡ ሲሉ ዜናው አላለቀም።

«ይጨመርልን!» አለ ውድነህ።

ጨመሩ።

«ስለ ከብቱም ይባልልን!»

ስለ ከብቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም መረቁ። የአየር ጠባይ ትንበያው ሲያልቅ ነው ያስቀመጣቸው።

ከዜናው ቀጥሎ የሱዳን ዘፈን መጣ። አያ ወርቅአፈራሁ ገና ተቀምጠው ትንፋሻቸው ሳይመለስ ብድግ አሉ። በጉብዝናቸው ከመተማ ወዲያ ተሻግረው ሰሊጥ ነግደዋል። ጣታቸውን እያጮኹ፣ ዱላቸውን አየር ላይ እያወዛወዙ፣ ትከሻቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዳሱን ዞሩት። ቤተ ዘመዱ እንዲህ አድርገው ሲጨፍሩ አይቶ አያውቅም። አበቡ አፏን መሸፈን ረስታ ሳቀች። ውድነህም በልቡ «አለቀ፣ አገባሁ» አለ።

ዘፈኑ አለቀ።

«ድገመው!» አሉ አያ ወርቅአፈራሁ።

ውድነህ ቶሎ ድምፁን ቀነሰ። ከጋቢው ሥር ማስታወቂያ ጀምሯል።

«አያ፣ ከዚህ የበለጠ ሌላ አለኝ።»

«ሌላ ምን ያደርግልኛል? እሱን ድገመው።»

«ድገመው! ድገመው!» አለ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ።

ማምለጫ የለም። ውድነህ የሬድዮውን ድምፅ ከሞንታርቦው ላይ ጨርሶ ዘጋና ራሱ መዝፈን ጀመረ። ዓረብኛ አያውቅም፤ የሚያውቀው መተማ ገበያ ላይ የለቀማቸውን ጥቂት ቃላት ነው።

«ያ ሱከር!» አለ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። «ያ ሳቡን… ያ በሰል… ያ ሱከር!»

አያ ወርቅአፈራሁ ሁለት እርምጃ ጨፍረው ቆሙ። አጠገባቸው የጎንደሩ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ዐብዱረሕማን ተቀምጠዋል። የሰርጉ ልብስ የተገዛው ከሳቸው ነው፤ ዓረብኛም አሳምረው ያውቃሉ።

«ሐጂ፣ ይህ ልጅ ምን ይላል?»

ሐጂ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። «ስኳር፣ ሳሙና፣ ሽንኩርት ይላል። የወር አስቤዛ መሰለኝ።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ውድነህ ግን ዝም ካለ የሚሞት ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ እየዘለለ ቀጠለ። ሲዘል ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ካርቶኑ ወደቀ፣ ጋቢው ተገፈፈ፣ ከሞንታርቦው የተነቀለችው ሬድዮ በራሷ ቀጭን ድምፅ «የማይዝግ ቆርቆሮ!» አለች።

ሳቁ ቆመ። አያ ወርቅአፈራሁ ቀረብ ብለው በዱላቸው ጫፍ ነኳት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሬድዮ ነው፣ አያ።»

«ሬድዮ መሆኑንማ አያለሁ። ዘፈንህ የት አለ?»

«የለኝም። ሁሉም ከሷ ነው።»

«ትዝታውም?»

«አዎ።»

«ሕንዱም?»

«ምን እንደሚመጣ እኔም አላውቅም ነበር፣ አያ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን አቁመህ እስከ መንገዱ ድረስ ያስመረቅኸኝስ?»

ውድነህ አቀረቀረ። «ዜና ነበር።»

ዱላቸውን አነሡ። ሐጂ ዐብዱረሕማን ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ወንድሜ ወርቅአፈራሁ፣» አሉ፣ «አስቤዛውን በዘፈን የሚቆጥር አማች ከየት ይገኛል? ያንተ ምርቃትም ከዜናው ሳይሻል አይቀርም።»

አያ ወርቅአፈራሁ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ኋላም የሐጂን ትከሻ ተደግፈው፣ «ስለ ከብቱም ይባልልን!» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበቃቸው ወደ ውድነህ ዞሩ።

«እንግዲህ ሰው ሁሉ ይስማ። አበቡን አክብረህ ትይዛታለህ ወይ?»

ውድነህ አፉን ከፈተ። አንዳች ድምፅ አልወጣም። ሲጮኽና ሲዘፍን ውሎ ጉሮሮው ተዘግቷል። እንደገና ሞከረ፤ እንደ ጄኔሬተሩ አሳለ። አንገቱን ላይ ታች ነቀነቀ፤ በሁለት እጁ ደረቱን መታ።

«ምን አለ? አልሰማሁም» አሉ አያ ወርቅአፈራሁ።

አበቡ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ብርጭቆውን ለውድነህ ሰጠችውና ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እሺ ብሏል፣ አያ» አለች። «እኔ ሰምቼዋለሁ።»